በምትሃት የሚያታልል የማንጋ ቪለን አሠራር፣ ደረጃ በደረጃ

ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) የሚሞክሩ ልጆች ገጾቻቸውን ሲያሳዩኝ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «እንደ ‹ብሊች› ማንጋው አይዘን ያለ ቪለን (ክፉ ገጸ ባሕርይ) ፈጠርኩ። ሰው ሁሉ ደግ ነው ብሎ ሲያምነው ቆየ። ምስጢሩን የገለጥኩ ዕለት ግን አንባቢው ከመደነቅ ይልቅ ተናደደብኝ። ምን አጠፋሁ?»

መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቪለኑ ማታለል የነበረበት ገጸ ባሕርያቱን ነው፤ የእናንተው ግን አንባቢውን ነው የሸወደው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን ልዩነት ወረቀት ላይ እንዴት እንደምትጠብቁ ያሳያል። ሥዕል ገና ጀማሪ ብትሆኑም ይሠራል፤ ዋናው ሥራ ያለው ደብተሩ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ። ምሳሌ የማደርገው የቲቴ ኩቦን «ብሊች» ነው። ከ2001 እስከ 2016 በሹኤይሻ ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ ላይ የወጣ፣ 74 ቅጽ ያለው ሥራ ነው። በውስጡ ካሉት የሰይፍ ተዋጊ ካፒቴኖች አንዱ የሆነውን፣ ደግ መስሎ የኖረውን የሶሱኬ አይዘንን ምስጢር አንድ በአንድ አወጣዋለሁ። ገና እያነበባችሁ ከሆነ እዚህ ጋ አቁሙና ጨርሳችሁ ተመለሱ። ከምሬ ነው፣ አንዴ ከተነገራችሁ የመጀመሪያው ንባብ አይመለስም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር፣ ለምስጢሩ ብቻ። ሌላ ነገር አትጻፉበት።
- ቀይ እና ሰማያዊ እስክሪብቶ።
- ለረቂቅ የሚሆን A4 ወረቀት። ጃፓን ውስጥ ለመጽሔት የሚላክ ገጽ የሚሠራው B4 ወረቀት ላይ ነው፤ የውስጥ ክፈፉ 180 በ270 ሚሊ ሜትር ነው። ለልምምድ ግን A4 ይበቃል።
- HB እርሳስ፣ ላጲስ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ።
- ጥቁር ፋይንላይነር (ስስ ጫፍ ያለው እስክሪብቶ)፣ 0.3 እና 0.8። ጂ-ፔን (ቀለም እየተነከረ የሚሠራበት የብረት ጫፍ ብዕር) እና ቀለም ካላችሁ እሰየው፣ ከሌላችሁም ችግር የለም።
- በዲጂታል የምትሠሩ ከሆነ ክሪታ ነፃ ነው፣ በስልክ ደግሞ አይቢስ ፔይንት ይሠራል። ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ክፍያ አለው፣ ግን ለማንጋ ተብሎ የተሠራ ነው።
- ታሪኩን ፈጽሞ ያልሰማ አንድ አንባቢ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ለማግኘት የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ምስጢራችሁን ለጓደኞቻችሁ ሁሉ አውርታችሁ ጨርሳችኋል። አንዱን ሰው ከአሁኑ አስቀሩት።

1. የኃይሉን ሕግ በአንድ ገጽ ጻፉ

ከሥዕል በፊት። ከስም በፊት። ከአለባበስም በፊት። ደብተሩን ክፈቱና እነዚህን አምስት ጥያቄዎች መልሱ።

ሀ) የትኛውን የስሜት ሕዋስ ያታልላል? ዓይን ብቻ? ጆሮ? ሁሉንም?
ለ) አንድ ሰው እንዴት ነው በምትሃቱ የሚያዘው?
ሐ) ከተያዘ በኋላ እስከ መቼ?
መ) ማን አይያዝም?
ሠ) እንዴት ይፈታል?

የአይዘን ሰይፍ ክዮካ ሱይጌትሱ ይባላል። አምስቱንም ስሜት ይቆጣጠራል። የሚያዘው ሰይፉ ሲፈታ፣ ማለትም ኃይሉ ሲለቀቅ፣ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አይዘን በፈለገው ሰዓት ያታልለዋል፣ ደግሞ ማሳየት አያስፈልገውም። ዓይነ ስውር ሰው አይያዝም፣ ምክንያቱም አያይም። ምትሃቱ ከመነሳቱ በፊት የሰይፉን ስለት የነካ ሰውም ያመልጣል። በቃ ይሄው ነው። ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ ቅጽ በቅጽ የተሄደው ግን በዚች አንቀጽ ነው።

ኃይሉ ትልቅ መሆን የለበትም። «ሀንተር ኤክስ ሀንተር» በተባለው ሌላ ማንጋ ውስጥ ሂሶካ የተባለው ገጸ ባሕርይ ያለው የማታለል ችሎታ ስስ በሆነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ወረቀት ላይ፣ የሌላ ነገር መልክ ማስመሰል ብቻ ነው። ቆዳ ያስመስላል፣ ንቅሳት ያስመስላል። ትንሽ ናት። ግን ወሰኗ ስለሚታወቅ እያንዳንዱ አጠቃቀም ያዝናናል።

ለምን ይጠቅማል? ምትሃት ከሌሎች ኃይሎች የሚለየው ደራሲውን ማስነፉ ነው። ቡጢ የሚያርፍበትን ቦታ ታስባላችሁ፤ ምትሃት ግን ሲቸግራችሁ «ያ ሁሉ ውሸት ነበር» እንድትሉ ይገፋፋችኋል። የተጻፈ ሕግ ካለ እጃችሁን ይይዛችኋል።

አብረን አንድ እንሥራ። ቪለናችን ባቡር ላይ ለተሳፋሪ ቲኬት ቆርጣ የምትሰጥ ሴት ናት እንበል። ሕጓ፦ የምታታልለው ጆሮን ብቻ ነው። የሚያዘው ከእጇ አንድ ነገር የተቀበለ ሰው ነው። የሚቆየው ባቡሩ ተርሚናል እስኪደርስ። መስማት የማይችል ሰው አይያዝም። ቲኬት ያልቆረጠም አይያዝም። ይህቺን የመጨረሻዋን አስምሩባት፤ ተደብቆ የገባ ልጅ ካለ ታሪኩ ውስጥ ብቸኛው ነፃ ጆሮ እሱ ነው ማለት ነው። ይህን እኔ ከላይ አልጨመርኩትም፣ ሕጉ ራሱ ነው የወለደው።

2. የውሸቱን ሕግ ጻፉ

ቪለኑ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ከደበቀ ሰው «ይሄ ሰውዬ ምንድነው የሚችለው?» ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ሌላ፣ አሳማኝ፣ አሰልቺ ማብራሪያ ስጡት። አይዘን ሰይፌ የውሃ ዓይነት ነው፣ በጭጋግና በውሃ ነጸብራቅ ጠላትን አደናግሮ እርስ በርሱ ያጫርሳል ብሎ ነበር የሚያስወራው። ከዚያም ኃይሉን ላስተዋውቃችሁ ብሎ ለባልደረቦቹ ሰይፉን ፈቶ አሳያቸው። ማሳየቱ ራሱ ወጥመዱ ነበር። ግልጽነት ይመስላል፣ በዚያው ቅጽበት ግን ያየው ሁሉ ተያዘ።

ጥሩ የውሸት ሕግ ሁለት ነገር ያሟላል። ከእውነተኛው ጋር በጥቂቱ ይመሳሰላል (እዚህም ማደናገር አለ)፣ እንዲሁም ቪለኑ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ድርጊት ተራ ያስመስለዋል። የእኛዋ ሴትዮ ሥራዋ ቲኬት መስጠት ነው። ከእጇ መቀበል ማን ይጠረጥራል?

የተለመደ ስህተት፦ ቪለኑ «ምንም ኃይል የሌለው ደካማ» ሆኖ መግባቱ። አሁን አሁን የማንጋ አንባቢ ደካማ፣ ፈገግተኛ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሲያይ ወዲያው ጣቱን ይቀስራል። መካከለኛ ችሎታ ስጡት።

3. ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ አዘጋጁ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይቺን አትዝለሉ። የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ክፈሉ። አንደኛው «የሆነው»፣ ሁለተኛው «ገጸ ባሕርዩ የተረዳው»፣ ሦስተኛው «ወረቀቱ ላይ የሚታየው»። ምትሃት ያለበትን እያንዳንዱን ትዕይንት አስገቡበት።

የባቡሩን እንሙላ። የሆነው፦ የመጨረሻው ፉርጎ በር ተከፍቶ ቀረ፣ አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ወጣ። ጠባቂው የተረዳው፦ በሩ ተዘጋ። ወረቀቱ ላይ የሚታየው፦ ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ከኋላው ትልቅ «ጓ!» ተጽፏል፤ ቀጣዩ ፓነል (የሥዕል ክፈፍ) ላይ ጠባቂው ሲጋራውን ይለኩሳል፣ የክብሪቱ ነበልባል ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል።

ነበልባሏን አያችኋት? በሩ ቢዘጋ ኖሮ ንፋስ አይኖርም። ማንም አይናገርም፣ ማንም አያስተውልም፣ ግን ወረቀቱ ላይ አለ። ማንጋ ውስጥ ድምፅ ተጽፎ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የውሸት «ጓ!» እና የእውነት «ጓ!» በዓይን አይለዩም። አንባቢው ራሱ ጠባቂው የሰማውን ሰማ። ሥዕሉ ግን አልዋሸም። ጆሮ የሚያታልል ቪለን የመረጥኩላችሁ ለዚህ ነው፣ ለጀማሪ ይቀላል።

ሰንጠረዡን ከሞላችሁ በኋላ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ለብቻው አንብቡት። «የሆነው» ከሚለው ጋር በቀጥታ የሚጣላ ነገር ካለ፣ ማለትም የትኛውም ገጸ ባሕርይ ሳያየው ወረቀቱ ብቻውን የዋሸበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ነው አንባቢ የሚናደደው። አስተካክሉት።

4. ሁለት መልክ ንደፉ

አንድ ሰው፣ ሁለት ንድፍ። የመጀመሪያው ሰው የሚያምነው፣ ሁለተኛው ሲገለጥ የሚታየው። አይዘን መነጽር አለው፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ረጋ ያለ መምህር ይመስላል። ሲገለጥ ፀጉሩን በእጁ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ መነጽሩን አውልቆ ይሰባብራል። ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ። ልብሱ አልተቀየረም፣ ቀንድ አላበቀለም። አንባቢው ግን ሌላ ሰው ያያል።

አሠራሩ፦ የመጀመሪያውን ፊት ሣሉ። በላዩ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ቅዱት። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ቢበዛ። ቅንድብ፣ የዓይን ሽፋን፣ ፀጉር፣ መነጽር፣ የአንገት አቀማመጥ፣ ከእነዚህ ምረጡ። አራት ከደረሰ አብዝታችኋል። ለውጡ ባነሰ ቁጥር አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮውን ፊት ሲያይ «ያኔም እዚሁ ነበር» ይላል፤ እኛም የምንፈልገው ያንን ነው።

ማሳሰቢያ፦ አይዘንን ራሱን እየቀየራችሁ አትሣሉት። ለልምምድ ይሁን፣ ለሽያጭ ግን የሰው ንብረት ነው። ደግሞም መነጽር የሚሰብር ቪለን ከሠራችሁ አንባቢ ወዲያው ያውቃችኋል።

5. ፍንጭ ትከሉ

ለአንድ ትልቅ ገለጣ ሦስት ፍንጭ ጥሩ ነው። አንዱ በሥዕል (እንደ ነበልባሏ)፣ አንዱ በንግግር፣ አንዱ ደግሞ በሌለ ነገር። የመጨረሻው ይከብዳል ግን ጣፋጭ ነው። ብሊች ውስጥ ከአይዘን ጋር ከሚያብሩት አንዱ ካናሜ ቶሰን ነው፣ ዓይነ ስውር ነው። ሁሌም ዓይነ ስውር ነበር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ሕጉን ስታውቁ ግን ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ ሰይፉን ማየት የማይችለው ሰው ወይ ሊያጋልጠው ይችላል ወይ የራሱ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ከዋናው ታሪክ 110 ዓመት በፊት አይዘን የሌላ ካፒቴን፣ የሺንጂ ሂራኮ፣ ምክትል ነበር። ሺንጂ ይጠረጥረዋል፣ ዓይኔ ሥር ይሁን ብሎ ነው ምክትሉ ያደረገው። አይዘን ግን አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሰውን በእሱ መልክ ከሺንጂ ኋላ አስከትሎ ራሱ ሌላ ቦታ ነበር። ሺንጂ አላወቀም። ለምን? ስለሚጠረጥረው አልቀረበውም፣ ስላልቀረበው የእጅ እግሩን ልማድ አያውቅም። ምትሃቱ መልክ ይሰጣል እንጂ የሰውን ትናንሽ ልማድ አይሰጥም። ቪለናችሁ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ይኑረው። ሲጨነቅ ጣቱን የሚያንቋቋ ከሆነ፣ ቅጂው አያንቋቋም። አንድ ጊዜ ሣሉትና ዝም በሉ።

ረቂቁ ላይ እያንዳንዱን ፍንጭ በቀይ ክበቡ። ሦስት ቀይ ክበብ አንድ ገጽ ላይ ከተከማቸ በትኑት። ምዕራፉን ጨርሳችሁ ምንም ቀይ ካላገኛችሁ ደግሞ ገለጣው ከሰማይ ዱብ ይላል።

6. ሣሉት፣ ግን የፓነሉን ባለቤት እወቁ

መጀመሪያ ኔሙ ሥሩ፣ ማለትም ፓነሎቹና ንግግሮቹ ብቻ ያሉበት ሻካራ ረቂቅ። እዚያ ላይ በእያንዳንዱ ፓነል ጥግ «ይሄን የሚያየው ማን ነው?» ብላችሁ ስሙን በሰማያዊ ጻፉ። ጠባቂው ካየው «ጠባቂ»። ማንም ካላየው፣ ከላይ የተሣለ ባቡር ብቻ ከሆነ፣ «ማንም» ብላችሁ ጻፉ።

ሕጉ ቀላል ነው። የተያዘ ሰው ያለበት ፓነል መዋሸት ይችላል። «ማንም» የተባለው ፓነል መዋሸት አይችልም።

አይዘን ከመገለጡ በፊት በምትሃቱ የሞተ መስሎ ነበር። «አስከሬኑ» ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ በሰይፍ ተቸንክሮ ሲታይ ብዙ ሰው ተታለልን ብሎ ያስባል። ግን ልብ በሉ፤ ያገኘችው ምክትሉ ሂናሞሪ ናት፣ ከዚያ የተሰበሰቡት ባልደረቦቹ ናቸው። ሰይፉን ያሳየው ለእነሱው ነው። አንባቢው እነሱ ያዩትን አየ። ለዚህ ነው ታሪኩ ሲገለጥ የማይፈርሰው።

ቴክኒኩን በተመለከተ፦

ምትሃት ያለበትን ፓነል ከሌላው በምንም አትለዩት። ክፈፉን አታወዛውዙ፣ ስክሪንቶን (ተዘጋጅቶ የሚለጠፍ የነጥብ ጥላ) አታብዙ፣ ጠመዝማዛ መስመር አታስገቡ። ያው 0.3፣ ያው የጥላ አቅጣጫ። ማንጋ ውስጥ በፓነሎች መካከል ያለው ነጭ ቦታ ሲጠቁር አንባቢ «ያለፈ ታሪክ ነው» ብሎ ይረዳል። ይህን ልማድ ለምትሃት ከተጠቀማችሁበት አጋለጣችሁት ማለት ነው።

የቪለኑን ሐሳብ አትጻፉ። የንግግር አረፋ ሊዋሽ ይችላል፣ ሰው ለሰው ይዋሻል። የሐሳብ አረፋ ግን ለአንባቢ ብቻ የተነገረ ነው፤ ቪለኑ ብቻውን ሆኖ «ወይኔ፣ ማን ይሆን ይህን ያደረገው?» ብሎ ካሰበ እናንተ ናችሁ የዋሻችሁት። ገለጣው እስኪመጣ ድረስ ውስጡን ዝጉት። ብቻውን ሲሆን ከኋላው ሣሉት፣ ወይም እጁን ብቻ።

7. ገለጣውን ገጽ መገልበጫው ላይ አድርጉ

አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ነው መደንገጥ ያለበት። ገለጣችሁ ከጥያቄው ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ከሆነ፣ ዓይን ቀድሞ ያየዋል፣ አለቀ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጃፓንኛ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ገጽ 1 በግራ በኩል ነው፣ ከዚያ 2 እና 3 ጎን ለጎን ይሆናሉ። በአማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ብትሠሩት ገጽ 1 በቀኝ ይሆናል፣ 2 እና 3 አሁንም ጎን ለጎን ናቸው። በሁለቱም መንገድ ወረቀቱ የሚገለበጠው ከጎዶሎ ቁጥር ገጽ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የጎዶሎው ገጽ የመጨረሻ ፓነል ላይ፣ ገለጣውን የሙሉው ቁጥር ገጽ የመጀመሪያ ፓነል ላይ። ለምሳሌ ጥያቄ 17፣ ገለጣ 18።

ለስልክ በቁልቁል የሚነበብ ከሆነ መገልበጫ የለም። በምትኩ ከጥያቄው በኋላ ባዶ ቦታ ተዉ። አውራ ጣት ሁለት ጊዜ እንድትገፋ የሚያደርግ ያህል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሰው ስልኩ የተሰናከለ ይመስለዋል።

8. ማብራሪያውን ለሁለት ሰው አካፍሉ

ቪለኑ ቆሞ አምስት ገጽ ሲያብራራ የመሰለ አሰልቺ ነገር የለም። ኩቦ እዚህ ጋ የተጠቀመው ዘዴ ይገርማል። ሬትሱ ኡኖሃና «አስከሬኑን» የመረመረች ሐኪም ናት፤ አንድ የሆነ ትንሽ ነገር ቅር ብሏታል። በራሷ ተከታትላ ትደርስበታለች። ግን የደረሰችበት ግማሹን ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ አሻንጉሊት ሬሳ ይመስላታል። አይዘን ያርማታል፣ ሌላውን ግማሽ እሱ ይሰጣል። ጎበዝ ሰው ግማሽ መንገድ ደረሰ፣ ቪለኑ ደግሞ ያቺን ያህል መቅረቧን አይቶ ተገረመ። ሁለቱም ከፍ አሉ።

እናንተም እንዲሁ። በባቡሩ ታሪክ ጠባቂው የጠፋውን ሻንጣ ሲያስብ ነበልባሏ ትዝ ትለዋለች፣ «በሩ አልተዘጋም ነበር» ይላል። የሰማውን ድምፅ ግን ማስረዳት አይችልም። ይህን እሷ ትሙላ። በአንድ አረፋ ከ20 ቃል አይብለጥ።

ከሁሉ በላይ፣ በገለጣው ገጽ ላይ አዲስ ሕግ አይጨመር። ደረጃ 1 ላይ የሌለ ነገር እዚህ ከመጣ፣ ተመልሳችሁ ቀድሞ መትከል አለባችሁ።

9. ሁለተኛውን ማታለል አቅዱ

አንዴ ከተገለጠ በኋላ አንባቢው ይጠነቀቃል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ኃይሉን ያሳድጋል፦ «አሁን ደግሞ ሳያሳይም ይይዛል!» አታድርጉት። ሕጉን እንዳለ ትታችሁ የሚያቆስለውን ቦታ ቀይሩ።

በሐሰተኛው ካራኩራ ከተማ ጦርነት ሁሉም የአይዘንን ኃይል ያውቃል። አንባቢውም ያውቃል። ተባብረው ያጠቁታል፣ ካፒቴኑ ሂትሱጋያ በመጨረሻ ሰይፉን ይሰካበታል። የተሰካው ግን ሂናሞሪ ላይ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሊጠብቃት የሚፈልጋት ልጅ። አዲስ ሕግ የለም። ሁሉም ቀድመው ተይዘው ነበር፣ ያውም ያውቁታል፣ ግን አሁን አልተጠቀመበትም ብለው አሰቡ። እኛም አሰብን። ሕጉን እያወቁ መሸወድ ሳያውቁ ከመሸወድ ይበልጥ ያንገበግባል፣ ግን ደራሲውን አታማርሩትም።

10. መሸነፊያውን ከዚያው ሕግ አውጡ

ወደ «መ» እና «ሠ» መልሶቻችሁ ተመለሱ። የብሊች ዋና ገጸ ባሕርይ ኢቺጎ የአይዘን ሰይፍ ሲፈታ አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ካፒቴኖቹ እንዳያይ ይከላከሉለታል፣ ትግሉ ራሱ ስለዚያ ይሆናል። የአይዘን ተከታይ መስሎ የኖረው ጊን ኢቺማሩ ደግሞ ስለቱን በመንካት እንደሚመለጥ ለማወቅ ብቻ አሥርት ዓመታት አይዘን አጠገብ ቆየ። ሁለቱም አንዳች ድንገተኛ ጉልበት ከየትም አላመጡም።

በባቡራችን ላይ ቲኬት ያልቆረጠው ልጅ አለ። ፈላጊው ጠባቂ ነው፣ ልጁ ደግሞ የሚደበቀው ከጠባቂው ነው። አሁን ጠባቂው የሚያምነው ብቸኛ ጆሮ የሚያባርረው ልጅ ጆሮ ሆነ። ይህን ግጭት ፈልጌ አላመጣሁትም፣ ሕጉን ስትከተሉት ይመጣል።

11. ፈትኑት

ከገለጣው በፊት ያሉትን ገጾች ያን ያስቀራችሁትን አንባቢ አስነብቡ። ምንም አትንገሩት። ሲጨርስ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ማንን ታምናለህ?» «ግራ ያጋባህ ቦታ አለ?» ቪለኑን ከጠረጠረ፣ የቱ ፓነል ላይ እንደሆነ ያሳያችሁ፤ ያን ፍንጭ አለዝቡት። ግራ ያጋባው ፍንጩ ያለበት ፓነል ከሆነና ቪለኑን ግን ካልጠረጠረ፣ በጣም ጥሩ ላይ ናችሁ። ከዚያ ገለጣውን ስጡት። ወደ ኋላ ገልብጦ የድሮ ገጽ ከፈለገ ሠርቷል። «እሺ» ብሎ ካስቀመጠው ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

የሞተውን ሁሉ «ምትሃት ነበር» ብሎ ማስነሳት። አንድ ጊዜ ይቻላል፣ ለዚያውም ለቪለኑ ለራሱ። ከዚያ በኋላ አንባቢው ለማንም አያለቅስም፣ እውነተኛ ሞት ስታመጡም አያምናችሁም።

ቪለኑ «ሁሉንም ከጅምሩ አቅጄው ነበር» ማለቱ። አይዘንም እንዲህ ሲል ከልክ ያለፈበት ቦታ አለ፣ በኔ እይታ የገጸ ባሕርዩ ደካማ ጎን እሱ ነው። የእናንተው ቢያንስ አንድ ያላሰበው ነገር ይግጠመው፣ ፊቱም ላይ ይታይ።

ምክንያት የሌለው ማታለል። ኃይሉ ስላለው ብቻ የሚዋሽ ቪለን ይሰለቻል። በሰንጠረዡ ጎን «በዚህ ውሸት ምን አገኘ?» የሚል አራተኛ ጠባብ ዓምድ ብትጨምሩ ግማሹ ትዕይንት መሰረዝ እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል።

ገለጣውን አውጥቼዋለሁ፣ አንባቢም ተናዷል፣ ምን ላድርግ?

ይድናል። ደረጃ 3ን በወጡት ምዕራፎች ላይ ሥሩ፣ የዋሹትን «ማንም» ፓነሎች ለዩ። በኢንተርኔት ያወጣችሁት ከሆነ እነዚያን ብቻ ቀይራችሁ ሣሉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ እንዲያይ ማድረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል። የታተመ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ምዕራፍ ያ ትዕይንት በማን ዓይን እንደታየ የሚያሳይ አንድ ፓነል ጨምሩ። ማብራሪያ አትጻፉበት፤ ያው ትዕይንት፣ ያው ማዕዘን፣ ከፊት ለፊት ግን ቀድሞ ያልነበረ የተመልካች ትከሻ ይግባበት።